ሪፖርቱ በሰዓቱ ገባ ማለት ሥርዓቱ ሠራ ማለት አይደለም፦ ስለ ጤና መረጃ ሥርዓት ምዘና የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባ ስለ አገራችን የጤና መረጃ ሥርዓት የጻፉትን ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነው። የጤና ተቋማት ሪፖርት ወደሚሰበሰብበት ሶፍትዌር፣ ወደ ዲኤችአይኤስ 2፣ የተደረገው ሽግግር ተሳክቷል፤ ለዚህም የሪፖርት ምሉዕነትና ወቅታዊነት ከፍ ማለቱ፣ በየጤና ተቋሙ የሚደረገው የመረጃ ጥራት ፍተሻም ጥሩ ውጤት ማሳየቱ በቂ ማስረጃ ነው ይላሉ። ከዚህ ተነስተውም ትክክለኛ ምዘና የበፊቱንና የአሁኑን ቁጥር ማወዳደር ብቻ እንደሆነ፣ ባለሙያን ቁጭ አድርጎ ማነጋገር «ወሬ መልቀም» እንደሆነ፣ ሶፍትዌሩ በብዙ አገር ስለተፈተነ እዚህ እንደገና መመርመር እንደማያሻው ይገልጻሉ። ምዘናውም ፕሮጀክቱ ሲጠናቀቅ ከውጭ በመጣ ገለልተኛ ቡድን ቢሠራ ይበጃል ባይ ናቸው። መዝጊያቸው ደግሞ የጤና ባለሙያው ቅሬታ «ለውጥን ከመፍራት» የሚመነጭ ነው የሚል ነው።

ጸሐፊው ለሥርዓቱ የሚቆረቆሩ ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። እኔም ለዚሁ ሥርዓት ስለምቆረቆር ነው የምመልሰው። በምዘና ውጤት በጀት ይመደባል፣ ወረዳ ይሸለማል፣ ባለሙያ ይወቀሳል፤ የክትባት መድኃኒትም በዚያው ቁጥር ይከፋፈላል። ሚዛኑ ከተዛባ ጉዳቱ ወረቀት ላይ አይቀርም።

የምንስማማበትን ላስቀድም። መሻሻሉ እውነት ነው። በ2000 ዓ.ም አካባቢ የኤችኤምአይኤስ (የጤና ተቋማት መደበኛ የሪፖርት ሥርዓት) ማሻሻያው ሳይጀመር እያንዳንዱ የጤና ፕሮግራም የራሱን ቅጽ ይዞ ይመጣ ነበር፤ አንድ ጤና ጣቢያ ለቲቢ አንድ፣ ለክትባት ሌላ፣ ለወባ ሦስተኛ ሪፖርት ይልክ ነበር። ማሻሻያው ይህን ወደ አንድ መስመር አመጣው። በጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ «የመረጃ አብዮት» ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ ሆኖ ተቀመጠ። ዲኤችአይኤስ 2ም ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ፣ በራሳችን የዘመን አቆጣጠር ተስተካክሎ ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ለመካድ የሚቃጣው ያለ አይመስለኝም። ጥያቄዬ የጉዞው ስኬት በምን ይለካ የሚል ነው።

ከምሉዕነትና ከወቅታዊነት ልጀምር። የሪፖርት ወራችን ከ21 እስከ 20 ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም በየደረጃው በተቆረጠለት ቀን ይልካል። ሪፖርቱ በቀኑ መግባቱ ሥነ ሥርዓት መኖሩን ያሳያል፣ መልካም ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ «ምሉዕ» ብሎ የሚቆጥረው ምን እንደሆነ ማስተዋል ይገባል። በዲኤችአይኤስ 2 የሪፖርት ምሉዕነት መጠን የሚወጣው ቅጹን የሞላው ሰው ማጠናቀቂያውን ቁልፍ በመጫኑ ነው። የግዴታ ሆነው ካልተቀመጡ በስተቀር ቅጹ ውስጥ ግማሾቹ ሳጥኖች ባዶ ሆነው ቁልፉ ሊጫን ይችላል። ባዶው ሳጥን «በዚህ ወር ምንም አልነበረም» ይሁን ወይም «ማንም አልቆጠረውም» ይሁን ቁጥሩ አይነግረንም። ስለዚህ አንድ ወረዳ 98 በመቶ ምሉዕነት ቢያስመዘግብ ያረጋገጠው ቅጾቹ መላካቸውን ብቻ ነው። ጸሐፊው ይህን መነሻ መድረሻ አድርገውታል።

ሁለተኛው ነጥባቸው፣ «የመረጃው ጥራትም ተፈትሿል» የሚለው፣ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና።

የሚጠቅሱት ፍተሻ በተለምዶ ኤልኪውኤኤስ የምንለው ነው። በየወሩ ከሪፖርቱ 12 የመረጃ ነጥቦች በዕጣ ይወጣሉ፤ ሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ስንቱ እንደገጠመ ታይቶ የትክክለኛነት ደረጃ ይሰጣል። ቀላልና ርካሽ ነው፣ ጤና ጣቢያው ራሱ የሚሠራውም ነው። የመደመር ስሕተትን፣ የታሊ (የዕለት መቁጠሪያ ቅጽ) መዘለልን፣ የአንዱን ሣጥን ቁጥር ሌላው ውስጥ መጻፍን ይይዛል። ይቅር የሚል ካለ እኔም እቃወመዋለሁ።

ዓይኑ ግን ከመዝገቡ አያልፍም። መዝገቡ ራሱ በምርመራ ክፍሉ የሆነውን ይናገራል ወይ የሚለውን አይጠይቅም። ተራው የረዘመበት ነርስ ታካሚ አክሞ ሳይጽፍ ሊቀር ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ተቃራኒው ነው፤ ዕቅዱ ከላይ ተቆርጦ በወረደበት፣ ከዕቅድ በታች መሆን በስብሰባ በሚያስወቅስበት ቦታ ቁጥሩ በመጀመሪያ መዝገቡ ላይ ይስተካከላል። ሪፖርቱ ከመዝገቡ ጋር እንዲገጥም መደረጉ ቀርቶ መዝገቡ ከሚፈለገው ሪፖርት ጋር እንዲገጥም ሲደረግ ኤልኪውኤኤስ ሙሉ ነጥብ ይሰጣል። ፈታሹ የተጠየቀውን በታማኝነት መልሷል፤ የጎደለው ያልተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ሌላው ችግር አካፋዩ ነው። ሽፋን ስንል የተከተቡትን ሕፃናት መከተብ ለነበረባቸው ሕፃናት እናካፍላለን። የተከተቡትን ከመዝገብ እናገኛለን፤ መከተብ የነበረባቸውን ግን ማን ቆጠራቸው? የአገሪቱ የመጨረሻ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም ሲሆን ያኔ የተመዘገበው ሕዝብ ወደ 74 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። በ2011 ዓ.ም ሊካሄድ የነበረው ቆጠራ ተራዘመ። እስካሁን የምናካፍለው ከዚያው ከ1999 ቆጠራ በተሰላ ትንበያ ነው። በእነዚህ ዓመታት ግን ሰው ከገጠር ወደ ከተማ ፈልሷል፣ ወረዳዎች ተከፍለዋል፣ ሚሊዮኖች ተፈናቅለዋል። አንዱ ወረዳ ከ100 በመቶ በላይ ሽፋን ሲያስመዘግብ ጎረቤቱ 60 በመቶ ላይ የሚቀረው ሁልጊዜ ከሥራ ልዩነት አይደለም። የላይኛው ቁጥር ፍጹም ትክክል ሆኖ እንኳ የታችኛው ከተሳሳተ ውጤቱ ስሕተት ነው። በኤልኪውኤኤስ ውስጥ አካፋይ የሚባል ነገር የለም።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት እንዳይመስል አንድ የታወቀ ማስረጃ ላቅርብ። እ.ኤ.አ በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሄዶ ዕድሜያቸው ከ12 እስከ 23 ወር የሆኑ ሕፃናትን ሲያይ አምስት በሽታዎችን የሚከላከለውንና ሦስት ጊዜ የሚሰጠውን የፔንታ ክትባት ሦስተኛ ዙር (ፔንታ 3) የወሰዱት 53 በመቶ፣ ሁሉንም መሠረታዊ ክትባቶች ያጠናቀቁት ደግሞ 39 በመቶ ሆነው አገኛቸው። በዚያው ዘመን ከጤና ተቋማት ተደምሮ የሚወጣው የፔንታ 3 ሽፋን ከ90 በመቶ በላይ ነበር። ጥናትም የራሱ ጉድለት አለው፤ እናት ትረሳለች፣ የክትባት ካርድ ይጠፋል። ሆኖም እንዲህ ያለ ክፍተት በመርሳት ብቻ የሚሞላ አይደለም። ጸሐፊው በዚያ ዓመት ቢጽፉ ኖሮ በእርሳቸው ሚዛን ሥርዓቱ ተሳክቷል ይሉ ነበር። ግማሽ የሚጠጉ ሕፃናት ክትባቱን አልጨረሱም፤ ሥርዓቱም አልነገረንም።

የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የመረጃ ጥራት ግምገማ ዘዴ ለዚህ ነው ከምሉዕነት በላይ የሚሄደው። ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ? የፔንታ 3 ቁጥር ከፔንታ 1 ከበለጠ ለምሳሌ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ካለፉት ዓመታት ጋር ሲተያዩ ይታመናሉ ወይ? ከቤት ለቤት ጥናት ጋር ይቀራረባሉ ወይ? አካፋዩ ከሌላ የሕዝብ ግምት ጋር ይመጣጠናል ወይ? አንድ ወረዳ እነዚህን በራሱ ሊሠራቸው ይችላል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መረጃ ይበቃዋል። «ጥራቱ ተፈትሿል» ለማለት ቢያንስ እዚህ ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የጸሐፊው ነጥብ ይበልጥ አሳዝኖኛል። ባለሙያን ማነጋገር፣ ሥራውን ቆሞ ማየት «ወሬ መልቀም» ነው፣ ሳይንሱ ቁጥር ማወዳደር ነው ይላሉ። ለዚህ ከእኛ አገር ውጭ የሆነ፣ በዘርፉ እጅግ የታወቀ ምሳሌ አለኝ።

በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል ሐኪሞች የመድኃኒት ትእዛዝ በኮምፒውተር የሚያስገቡበትን ሥርዓት ተከለ። እ.ኤ.አ በ2005 የታተመው ጥናት ጸሐፊው የሚወዱት ዓይነት የበፊትና የበኋላ ንጽጽር ነው። ለልዩ ሕክምና ከሌላ ተቋም ተልከው ከመጡ ሕፃናት መካከል የሞቱት ሥርዓቱ ከመተከሉ በፊት 2.80 በመቶ ነበሩ፤ ከተተከለ በኋላ 6.57 በመቶ ሆኑ። ቁጥሩን ብቻ የያዘ ሰው «ይህ ሶፍትዌር ይገድላል» ብሎ መደምደሙ ነው። በተከታዩ ዓመት ግን በሲያትል የሚገኝ ሌላ የሕፃናት ሆስፒታል ያንኑ ሶፍትዌር ተክሎ በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ የሞት መጠን እንዳልጨመረ አሳወቀ። በ2010 ደግሞ በስታንፎርድ ሥር ያለ የሕፃናት ሆስፒታል እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ከተከለ በኋላ የሞት መጠኑ በ20 በመቶ ገደማ መቀነሱን ዘገበ።

ሦስቱም የበፊትና የበኋላ ንጽጽሮች ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ሰማይና ምድር ነው። ቁጥሩ አንድ ነገር እንደሆነ ነግሮናል፣ ለምን እንደሆነ አልነገረንም። «ለምን» የሚለው የተገለጠው ሥራው እንዴት እንደተለወጠ ሲታይ ነው። በፒትስበርግ ቀድሞ ሕፃኑ በመንገድ ላይ እያለ ትእዛዙ ይጻፍለት ነበር፤ በአዲሱ ሥርዓት ግን ሕፃኑ ደርሶ እስኪመዘገብ ምንም ማዘዝ አይቻልም። ከጽኑ ሕሙማን ክፍሉ አጠገብ ይገኙ የነበሩ መድኃኒቶች ወደ ማዕከላዊው ፋርማሲ ተወሰዱ። ሐኪሙና ነርሷ ከሕፃኑ አልጋ አጠገብ ሆነው በቃል ይነጋገሩ የነበረው ቀርቶ ሐኪሙ ኮምፒውተሩ ላይ ተተከለ። ይህ ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የሆነው። እነዚህን ነገሮች ከሟቾች ቁጥር ውስጥ ማንም ሊያነባቸው አይችልም፤ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ የሚያይ፣ ነርሷን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ማነጋገርና ማየት የራሱ ሥርዓት አለው። አንዱ ያለውን በሌላው፣ ሰው ያለውን በመዝገብ፣ መዝገቡን በዓይን ማመሳከር ይጠይቃል። ይህ ያልተደረገበት ቃለ መጠይቅ ደካማ መሆኑን እቀበላለሁ። ያልተመሳከረ ቁጥርም እንደዚያው ደካማ ነው። ዘዴውን የሚመርጥልን ጥያቄው ነው፤ «ምን ያህል?» ስንል እንቆጥራለን፣ «ለምንና እንዴት?» ስንል እንጠይቃለን፣ እናያለን። ጠንካራ ምዘና ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል።

ከእኛው ቤት አንድ ልጨምር። ለድጋፋዊ ክትትል በሄድሁበት አንድ ጤና ጣቢያ የአፈጻጸም ክትትል ቡድኑ ፔንታ 1 ጀምረው ፔንታ 3 ላይ ሳይደርሱ የሚቀሩ ሕፃናት መብዛታቸውን ከሪፖርቱ አይቶ ነበር። ቁጥሩን በቀበሌ ከፋፍለው ሲመለከቱት ጠባዩ ተለየ፤ አብዛኞቹ የሚቀሩት ከሁለት ራቅ ያሉ ቀበሌዎች ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ሲጠይቋት ለወራት የክትባት ዘመቻ ቡድን ወደዚያ እንዳልወጣ ነገረቻቸው። ቀን ቆርጠው መውጣት ጀመሩ። ያ ጤና ጣቢያ በምሉዕነቱ ከጎረቤቶቹ አይበልጥም ነበር፤ ሪፖርቱ አንዳንዴ ዘግይቶም ይገባል። በጸሐፊው ሚዛን መካከለኛ ነው፤ የመረጃ ሥርዓት የተሠራለትን ዓላማ ሲፈጽም በዓይኔ ያየሁት ግን እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ የቡድኑ ቃለ ጉባኤ በየወሩ ሳይጓደል ተጽፎ፣ ገልብጠው ሲያነቡት ከወሩ ስም በቀር ቃል በቃል አንድ ሆኖ ተገኝቷል። በማረጋገጫ ቅጹ ላይ «ቃለ ጉባኤ አለ?» ለሚለው ሁለቱም «አለ» ናቸው።

«በብዙ አገር ተፈትኗል» ለሚለው ብዙ አልልም፤ የፒትስበርግና የሲያትል ነገር መልሶታል። ዲኤችአይኤስ 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ፣ ሥሩም ከአፓርታይድ በኋላ ባለችው ደቡብ አፍሪካ የሆነ ጥሩ ሥራ ነው። እርሱ ራሱ ቀደም ባለ ስሪቱ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር እዚሁ አገር ተሞክሮ ያኔ ሳይጸና ቀርቷል፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ መጥቶ ጸና። በመካከሉ ከሶፍትዌሩ በላይ የተለወጠው አካባቢው ነው፤ የጤና መረጃ ቴክኒሻን የሚባል ሙያ ተፈጠረ፣ ኔትወርክ ተዘረጋ፣ የሚኒስቴሩ ፍላጎት ተለወጠ።

ምዘና በማብቂያው ላይ ይሁን የሚለውን ሐሳብ የሚፈትን ትልቅ ታሪክ በእንግሊዝ አለ። የብሔራዊ ጤና አገልግሎቱ የኮምፒውተር ፕሮግራም እ.ኤ.አ በ2002 ተጀመረ፤ የመላ አገሪቱን የታካሚ መዝገብ በአንድ ማዕከላዊ ዕቅድ ለመዘርጋት ነበር። በ2006 የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁራን የሆኑ 23 ሰዎች ለፓርላማው የጤና ኮሚቴ ግልጽ ደብዳቤ ጽፈው ፕሮግራሙ በገለልተኛ ወገን ቴክኒካዊ ምርመራ እንዲደረግበት ጠየቁ። ሥራው ገና በመካሄድ ላይ ነበር፤ መታረም ይችል ነበር። የጠየቁት ዓይነት ምርመራ አልተደረገም። በ2011 መንግሥት ፕሮግራሙን እንደሚበትን አስታወቀ፤ ወጪው ወደ 10 ቢሊዮን ፓውንድ ይጠጋ እንደነበር ኋላ ላይ ተሰልቷል። ከዚያ በኋላ የተጻፉ ግምገማዎች ብዙና ጥሩ ናቸው፤ ግን የሚያርሙት ነገር አልነበረም።

ገለልተኛ የውጭ ገምጋሚ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፣ ያስፈልጋል። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ የተዘጋጀለትን ክፍል ዓይቶ የሚመለስ ቡድን ሊያይ የሚችለው ውስን ነው። በአገራችን ስድስት ዩኒቨርሲቲዎች በመረጃ አብዮቱ ወረዳዎችን እየደገፉ እንዲሠሩ መመደባቸው መልካም ጅምር የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ቅርብ ናቸው፣ ይመላለሳሉ፣ ያልሠራውን ሳያልቅ ሊናገሩ ይችላሉ። እንዲናገሩ ከተፈቀደላቸው።

አሁን ወደ መዝጊያቸው ልምጣ፤ የጤና ባለሙያው «ለውጥ ይፈራል» ወደሚለው። ይህን ፍርድ የሚሰጥ ሰው አንዲት አዋላጅ ነርስ በአንድ ቀን የምትጽፈውን ቢቆጥር ደስ ይለኛል። አንዲት ነፍሰ ጡር ስትመጣ የእናቲቱ ካርድ፣ የቅድመ ወሊድ መዝገብ፣ ታሊ፤ ምጥ ሲመጣ ፓርቶግራፍ (የምጥ መከታተያ ቅጽ)፣ የወሊድ መዝገብ፤ የደም ምርመራው በሌላ መዝገብ። ዲጂታሉ ሲመጣ ወረቀቱ ይቀራል ተብሎ ነበር፤ በብዙ ቦታ ግን ተደረበ እንጂ አልቀረም። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ታብሌቱን ይዛ የቤተሰብ ማኅደሩን አልጣለችም፤ መብራት ሲጠፋ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ የምትመካው በወረቀቱ ነው። ይህቺ ሴት «በዛብኝ» ስትል የነገረችን የምዘና ውጤት ነው። ያንን ጥናት ለማካሄድ ገንዘብ እናወጣለን፤ በነጻ ሲሰጠን ግን ፍርሃት ብለን እንጥለዋለን።

ዘርፉ ይህን ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ2009 የታተመውና በብዙ አገሮች የተሠራበት ፕሪዝም የተሰኘው ማዕቀፍ የመደበኛ ጤና መረጃ ሥርዓትን አፈጻጸም የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው ይላል፦ ቴክኒኩ፣ ድርጅቱና የሰው ባሕርይ። ለባሕርዩ በተዘጋጀው መጠይቅ ባለሙያው መጀመሪያ «ሽፋን ማስላት፣ ግራፍ ማንበብ ምን ያህል እችላለሁ?» ብሎ ራሱን ይገምታል፤ ቀጥሎ ያንኑ በተግባር እንዲሠራ ይሰጠዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ስልጠና የት እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ድርጅቱን የሚመለከተው ክፍል ደግሞ አለቆች መረጃን ለምን እንደሚጠቀሙበት ይጠይቃል፤ ለመወሰን ነው ወይስ ለመውቀስ? ዝቅ ያለ ቁጥር ያመጣ ጤና ጣቢያ ድጋፍ ያገኛል ወይስ ደብዳቤ? ለዚህ የሚሰጠው መልስ ቀደም ብዬ ያነሳሁትን የመዝገብ ማስተካከል ያብራራል። ባለሙያው ለውጥን አልፈራም፤ እውነተኛ ቁጥር ቢጽፍ የሚደርስበትን ነው የፈራው።

ስለዚህ ጸሐፊው ሌላ ጊዜ የአንድን ወረዳ ስኬት ሲለኩ ከምሉዕነቱ ቁጥር ጋር አብረው ቢጠይቁ የምወዳቸው ጥያቄዎች አሉ። ባለፉት ሦስት ወራት በዚህ መረጃ ምክንያት የተለወጠ አንድ ውሳኔ አሳዩኝ፤ ማን ወሰነ፣ ምን ተደረገ፣ ቀጣዩ ወር ምን አሳየ? የፔንታ ቁጥራችሁን በመንደር ቆጠራ አመሳክራችሁት ታውቃላችሁ? ዝቅ ያለ ቁጥር ላመጣው የመጨረሻው ጤና ኬላ ምን አላችሁት? እነዚህን ጥያቄዎች ለወረዳው ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ኃላፊው በሌለበት ለካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ ለአዋላጇና ለኤክስቴንሽን ባለሙያዋም ያቅርቡላቸው።